ከገላን እስከ ሳሪስ፦ እንቁላል ታቅፈን ያደረግነው የልምድ ልውውጥ

ንጋት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም

ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። በደረጃው ላይ ሰው ሁሉ ጫማውን እየጎተተ ይወርዳል፤ አንዱ ምሳ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥሏል፣ አንዷ የተኛ ልጇን አዝላ እናቷ ቤት ልታደርስ ትጣደፋለች። ቅዳሜ ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ግን ቅዳሜ አያውቅም። እኔ ዛሬ ሰልፍ የለብኝም። ከብሎካችን ፊት ለፊት አንድ ነጭ ኮስትር ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። እውነቱን ለመናገር የሚጠብቀው እኔን ብቻ አይደለም፤ ግን ደረጃውን ስወርድ እንደዚያ ነው የተሰማኝ!

ጉዟችን ከገላን ተነስቶ፣ አቃቂ በሰቃ ቆይቶ፣ ሳሪስ ላይ የሚያበቃ ነው። "እሱም ጉዞ ተብሎ ይጻፋል?" የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ ወንድሜ ትናንት ቀድሟችሁ ብሎኛል። እኔ ግን ልንገራችሁ፣ ይህን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ሄጄበት አላየሁትም። ወይ እንቅልፍ ይዞኝ ነው፣ ወይ የማላውቀው ሰው ክርን ጎኔ ውስጥ ገብቶ ነው። ዛሬ መስኮት አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ ቁርስም ተችሎኛል። ከዚህ በላይ ጉዞ የት አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ሰናይት አቃቂ በሰቃ ባለ አንድ የመብራት አገልግሎት ጣቢያ የደንበኞች ጉዳይ ሠራተኛ ናት። ጣቢያቸው ከደንበኞቹ ጋር የሚነጋገርበት አዲስ አሠራር ጀምሮ ወሬው ስለተሰማ፣ ከሌሎች ጣቢያዎች የተውጣጡ ባልደረቦቿ ሊያዩትና የራሳቸውንም ሊያካፍሉ መጥተዋል። የልምድ ልውውጥ ይሉታል። እኔ የልምድ ልውውጥ የማውቀው በቴሌቪዥን ነበር፤ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንድ ነገር ከበው ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ምሳ ይበላሉ። ጽሑፌ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ከተነበበ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ "ጸሐፊዋ" ስለሚለኝ፣ አክስቴ የጉዞውን ማስታወሻ እኔ እንድጽፍ አለቃዋን አስፈቀደችልኝ። ከደስታዬ ብዛት ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት።

ጠዋት፣ በመንገድ ላይ

ከገላን ወደ አቃቂ የሚወስደው መንገድ የከባድ መኪና አገር ነው። ኮንቴይነር የጫነ፣ ብረት የጫነ፣ ሲሚንቶ የጫነ፤ ተሳቢው ከኋላው ትምህርት ቤት እንደጠላ ልጅ እየተጎተተ ይከተላል። በነሱ መሀል ባጃጅ፣ በባጃጁ መሀል የፈረስ ጋሪ። ጋሪው ላይ ጤዛው ያልደረቀ ሰላጣ ተቆልሏል፤ ፈረሱ ሽታው ከኋላው እየመጣበት መብላት አለመቻሉ አሳዘነኝ። የፋብሪካ አጥር፣ ግራር፣ ደግሞ የፋብሪካ አጥር። የድሮው ባቡር ሐዲድ ሣር ውስጥ ገባ ወጣ እያለ ይታያል።

ሾፌራችን ሙሌ ይባላል። ኮስትሩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሁላችንም ስንዘል በመስታወቱ አየኝ።

"እህቴ፣ ስለ መንገዱ ስትጽፊ ጉድጓዱን እኔ እንዳልቆፈርኩት ጨምሪበት" አለኝ። ይኸው ጨምሬያለሁ።

ቁርስ የበላነው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ቤት ነው። ፉሉ በዘይትና በቃሪያ ታሽቶ፣ ዳቦው ከምድጃው እንደወጣ፤ ሻዩ ላይ ቅርንፉድ። ቦምቦሊኖም አየሁ፣ አላለፍኩትም። ዋጋውን ባልጽፈው ይሻላል፤ እናንተ ጋ እስኪደርስ ይወደዳል።

እዚያ ነው አክስቴ አሠራሩን ለእንግዶቹ ያስረዳችው። ድሮ መብራት ለጥገና ሲቋረጥ ማስታወቂያው የሚለጠፈው ጣቢያው በር ላይ ነበር። ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሚያነበው ቀድሞም ጣቢያው በር ላይ የቆመ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን በዋዜማው የእድሩ ለፋፊ ጡሩምባውን ይዞ በየመንደሩ እየዞረ ይናገራል። ለቀብር የሚሰማ ጆሮ ለመብራትም ይሰማል፤ ሐሳቡ ይኸው ነው፣ ያመነጨችውም አክስቴ ናት። ስታወራ ሻይዋ ቀዘቀዘ።

ከሳሪስ ጣቢያ የመጡት አቶ ፍሬው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ረጅም ሰውዬ፣ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ፈገግ አሉ።

"እኛ ጋ ስልክ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራቸው የሚበላሽባቸውን ደንበኞች ለይተን አንድ በአንድ እንደውላለን።"

"የማያነሳስ?" አለች አክስቴ።

"ደግመን እንደውላለን።"

"አሁንም ካላነሳ?"

"የራሱ ጉዳይ ነዋ።"

"እኛ ጋ ግን የራሱ ጉዳይ የሚባል ደንበኛ የለም" አለች። ሁሉም ሳቁ፤ አቶ ፍሬውም ሳቁ። እኔ አክስቴን እንደዚያ ቀና ብላ አይቻት አላውቅም።

ረፋድ፣ አቃቂ በሰቃ

አቃቂ በሰቃ በጆሮ ይታወቃል። መጀመሪያ መዶሻ፣ ቀጥሎ የብየዳ ጭርርታ፣ ቀጥሎ ወፍጮ። በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ብረታቸውን አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ አውጥተው ደርድረዋል፤ ገና ቀለም ያልተቀባ የግቢ በር ብቻውን ቆሞ የሌለ ቤት የሚጠብቅ ይመስላል። ዛሬ ግን ሁሉም በጥድፊያ ላይ ነው፤ ረፋዱ ላይ መብራት ሊቋረጥ ነው። ያረጁ የእንጨት ምሰሶዎች ተነስተው በኮንክሪት ይተካሉ። ባለወፍጮው ወረፋውን ከትናንት ጀምሮ እንዳጣደፈ ነገረን፤ ልብስ ሰፊዋ የካውያ ሥራዋን በሌሊት ጨርሳለች። አክስቴ እያንዳንዱን በስም እየጠራች ለእንግዶቹ ታስተዋውቃለች። አሠራሩ ሠርቷል!

ለፋፊውን ጋሼ ዘነበን ያገኘናቸው ከእድሩ መጋዘን ፊት ለፊት ነው። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ካፖርታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይደርሳል፣ ጡሩምባቸው በትከሻቸው። አክስቴ ለእንግዶቹ አንድ ጊዜ ነፍተው እንዲያሳዩ ስትጠይቃቸው አመነቱ። ሰው እንዳይደነግጥ ፈሩ። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ቀስ አድርገው ነፉ።

ቀስ ያለ ጡሩምባ ግን የለም። ወዲያው የግቢ በሮች መከፈት ጀመሩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ፤ ሌላዋ እጇን ሊጥ እንደያዘው ወጥታ ማን እንደሞተ ትጠይቃለች። ማንም እንዳልሞተ፣ ነገሩ ስለ መብራት እንደሆነ ጋሼ ዘነበ እየማሉ አስረዱ።

"መብራት ነው እንዴ?" አሉ እናትዬዋ ነጠላቸውን መልሰው እያጣፉ። "መብራትማ ስንቴ ሞቶ ስንቴ ተነሳ።"

መንደሩ ሳቀ። ጋሼ ዘነበ አልሳቁም፤ ጡሩምባቸውን በካፖርታቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

ከዚያ ጋሼ ዘነበን ይዘን ወደ አዴ ጫልቱ ቤት ሄድን። እሳቸው የዚህ ሁሉ መነሻ ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ከተማው ሳይመጣ በፊት እዚህ ያርሱ ነበር፤ አሁን እሳቸው ጫጩት ያስፈለፍላሉ። ባለፈው ክረምት ማሽናቸው ውስጥ የነበረው እንቁላል ሊፈለፈል ጥቂት ሲቀረው መብራት ለጥገና ተቋርጦ በሙሉ በረደባቸው። ጣቢያው ሄደው አልጮሁም። የቀዘቀዘውን እንቁላል በትሪ ይዘው አክስቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና፣ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ጄኔሬተር እከራይ ነበር ብለው ወጡ። አክስቴ ያን ቀን ምሳ መብላት አልቻለችም። የጡሩምባው ሐሳብ የመጣላት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የልምድ ልውውጡ ማማር የነበረበት እዚህ ቤት ነው።

አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመው "ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቡ" እያሉ ተቀበሉን። ማሽኑ ቁም ሣጥን ያህላል፤ ውስጡ ማራገቢያው ያንሾካሹካል። በመስታወቱ አጮልቄ ሳይ አንዱ እንቁላል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ቅርፊቱን ከውስጥ እየሰበረ ነው! ብዙዎቹ ነገ እንደሚወጡ፣ የቸኮሉት ዛሬውኑ እንደሚጀምሩ ነገሩን። ከክረምቱ ወዲህ ደፍረው ሲያስገቡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

አክስቴ እንግዶቹ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አዴ ጫልቱን ጠየቀቻቸው።

"አዴ፣ ጄኔሬተሩን የት አደረጉት?"

"የምን ጄኔሬተር?"

"ዛሬ ለሚጠፋው መብራት ነዋ።"

"ዛሬ ይጠፋል እንዴ?"

አክስቴ ትናንት ጡሩምባ አልሰሙ እንደሆነ በቀስታ ጠየቀቻቸው። ሰምተዋል። ጡሩምባ ሲሰሙ ግን የታመሙት ጎረቤታቸው ጋሽ ታደሰ ያረፉ መስሏቸው፣ የለፋፊውን ቃል ሳይጠብቁ ነጠላ አዘቅዝቀው ወጡ። የቀረውን የሚነግራቸው አልተገኘም፤ መንደሩ በሙሉ አሠራሩ የተጀመረው ለሳቸው ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው ብሎ አምኗል። የሰፈሩን አንድ ጄኔሬተር ደግሞ ጡሩምባውን በደንብ የሰማው ብየዳ ቤት ከትናንት ጀምሮ ይዞታል፤ ለነገ ሠርግ የሚደርስ በር እየሠራበት ነው።

አክስቴ ወደ ምሰሶ ተካዮቹ ደወለች። ያረጀው ምሰሶ ወርዷል፣ ሽቦው መሬት ላይ ነው፤ እስከ ማታ ሊመለስ አይችልም። እያወራች ሳለ አምፖሉ ጠፋ። የማራገቢያው ድምፅ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

አዴ ጫልቱ መስታወቱ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

"ይሄኛው ከበረደ ማሽኑን እሸጠዋለሁ" አሉ። "ሁለተኛ አልሞክረውም።"

ማንም ልምድ አልተለዋወጠም። ጋሼ ዘነበ በሩ አጠገብ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ።

መላ ያመጡት አቶ ፍሬው ናቸው። ሳሪስ ውስጥ ከሚደውሉላቸው ደንበኞች አንዷ የጫጩት ማስፈልፈያ እንዳላት፣ ማሽኗም ዛሬ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። አዴ ጫልቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሊፈለፈል የደረሰ እንቁላል ከቦታው አይነሳም፣ መንገድ ላይ ብርድ ከነካው አለቀ። ይሄኔ ሙሌ ከውጭ አንገቱን አስገባ።

"መኪናው ማሞቂያ አለው እኮ" አለ። "ከተገዛ ጀምሮ አብራው ያለኝ ሰው የለም እንጂ።"

አዴ ጫልቱ እንቁላሉን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እንደገና እንቁላሉን አዩ። እዚህ ከተቀመጠ መብረዱ እርግጥ ነው። መንገድ ላይ ግን ምናልባት አለ።

"በሉ አንሱ" አሉ። "ግን እንደ ሕፃን።"

እኩለ ቀን፣ ወደ ቃሊቲ

እስቲ ይህን አስቡት። ከየጣቢያው የመጡ የደንበኞች ጉዳይ ባለሙያዎች፣ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ እያንዳንዳቸው ጭናቸው ላይ አንድ ትሪ እንቁላል አስቀምጠው፣ በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከላይ ከላዩ ጣል ተደርጓል። ጋሼ ዘነበ ካልመጣሁ ብለው ገብተው ካፖርታቸውን አውልቀው የሳቸውን ትሪ ጠቅልለውበታል። ለእኔም ትሪ ደረሰኝ! እስክሪብቶዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ፤ ይህን ክፍል የምጽፈው በኋላ ከማስታወስ ነው።

መስኮት በሙሉ ተዘግቷል። ማሞቂያው ይነፋል። የቀትር ፀሐይ ጣሪያውን ትቀጠቅጠዋለች። የአቶ ፍሬው የአንገት ቁልፍ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ተፈታ። አዴ ጫልቱ በመተላለፊያው እየተመላለሱ እጃቸውን በየጋቢው ሥር ይሰዳሉ፤ እዚህ ሞቅ አድርጉ፣ እዚህ ግለጡ።

ሙሌ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቆም ይላል፣ ጎማውን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፣ ቀስ አድርጎ ያወጣል። ከኋላችን የመኪና ጡሩምባ በጡሩምባ ሆነ። አንድ ሚኒባስ ታክሲ ሲያልፈን ረዳቱ በመስኮት ተንጠለጠለ።

"ባለኮስትሩ፣ አስከሬን ነው እንዴ የጫንከው?"

"አራስ ነው!" አለው ሙሌ።

አቶ ፍሬው በአንድ እጃቸው ትሪያቸውን ደግፈው በሌላው ወደ ባለማሽኗ ይደውላሉ። አይነሳም። ደግመው ደወሉ። አይነሳም። ሦስተኛ ሲደውሉ ከፊታቸው ላይ ላብ ይንጠባጠብ ነበር፤ የሙቀቱ ብቻ አልመሰለኝም። አክስቴ "የራሷ ጉዳይ ነዋ" ማለት ትችል ነበር። አላለችም። መሀረቧን አውጥታ አቀበለቻቸው።

ሁላችንም ስልኩን እያየን ስንጨነቅ፣ አንዲት እንግዳ ልባችንን ሊያሳርፉ ብለው ይሁን ወይ ከልባቸው ጓጉተው፣ አዴ ጫልቱን ትናንት ጋሽ ታደሰ ቤት ሲደርሱ ምን እንዳጋጠማቸው ጠየቋቸው። አዴ ጫልቱ መጀመሪያ አልፈለጉም። ከዚያ ተቀመጡና ነገሩን።

እያለቀሱ በሩን ከፍተው ሲገቡ ጋሽ ታደሰ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው አጥሚት እየጠጡ ነው። ጋሽ ታደሰ የአዴ ጫልቱን የተዘቀዘቀ ነጠላ አይተው ኩባያቸውን በድንጋጤ አስቀመጡ።

"'ማን ሞቶ ነው?' አሉኝ። 'እርስዎ' ልበላቸው?"

ኮስትሩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። አዴ ጫልቱ ብድግ አሉ። "አትሳቁ፣ እንቁላሉ ይነቃነቃል!" ይሄ ደግሞ ባሰ። ሰው ሁሉ ትሪውን ይዞ ትንፋሹን ውጦ፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ዕንባዬ ወረደ። ያፈሩት አዴ ጫልቱ ልጠይቅዎ መጥቼ ነው ብለው፣ ነገሩ እንዳይታወቅባቸው እስኪመሽ እዚያው ተቀመጡ፤ ጋሼ ዘነበ ሁለተኛ ዙር ሲለፍፉ መስኮቱ ለበሽተኛው ተብሎ ተዘግቶ ነበር።

ያልሳቁት ጋሼ ዘነበ ብቻ ናቸው። ሳቁ ሲበርድ ወደ አዴ ጫልቱ ዞሩ።

"ጫልቱ፣ ሰው ሳይሞት አስለቀስኩሽ" አሉ። "ይቺ ጡሩምባ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። እኔ ነኝ ሌላ ተናገሪ ያልኳት።"

"ኧረ ጋሼ፣ ጋሽ ታደሰ ደስ ብሏቸዋል። የሚያለቅስልኝ ሰው እንዳለ በቁሜ አወቅሁ ብለው አጥሚቱን ጨረሱት።"

ይሄኔ ጋሼ ዘነበም ሳቁ፤ ካፖርት የጠቀለለውን ትሪ እቅፍ አድርገው።

ቃሊቲ አደባባይ ስንደርስ መኪና ተቆላልፎ ቆሟል። ትራፊክ ፖሊስ መጣ። በዚህ ቀትር መስኮቱን ሁሉ የዘጋ፣ ተሳፋሪው በሙሉ ጭኑ ላይ የሆነ ነገር የሸፈነ ኮስትር አይቶ ዝም ይላል? በሩን አስከፈተና ምን እንደጫነ ሙሌን ጠየቀው።

"የልምድ ልውውጥ ነው" አለ ሙሌ።

ፖሊሱ አላመነም። ለበሩ ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ግለጪው አለኝ። ልክ በዚያች ቅጽበት ጭኔ ላይ አንድ ነገር ተሰማኝ። ጠቅ። ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። እንደ ጥፍር። ጋቢውን በቀስታ ሳነሳው አንዷ እንቁላል ተሰንጥቃ፣ ከስንጥቁ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታህል መንቆር ወጥታ አየሩን ትቀምሳለች። ከዚያ ጮኸች። የዚያችን ትንሽ ድምፅ ኮስትሩ በሙሉ ሰማው።

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አየ። ጋቢውን በራሱ እጅ መልሶ ሸፈነው።

"በሩን ዝጉት፣ ይበርደዋል" አለ። ከዚያ ወደ አደባባዩ መሀል ገብቶ ፊሽካውን ነፋና ሁለት ተሳቢዎች አስቁሞ አሳለፈን። የትኛውም ቢሮ እንዲህ ያለ መስተንግዶ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም!

ከአደባባዩ እንደወጣን የአቶ ፍሬው ስልክ ጮኸ። ባለማሽኗ ናት፤ ገበያ ነበረች፣ ጫጫታው ውስጥ ስልኳን አልሰማችም። ማሽኗ ባዶ ነው፤ ገበያዋን ሳትጨርስ ወደ ቤቷ እየሮጠች ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሳሪስ

ሳሪስ ከቃሊቲ ቀጥሎ ሲመጣ ከተማው ድንገት ይጠጋጋል። ጫማ ቤት በጫማ ቤት ላይ፣ ጁስ ቤት፣ ባንክ፣ ስልክ ጠጋኝ፣ ብርቱካን በጋሪ፣ የሰው ጎርፍ። እኛ ግን ያየነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምልክት ሰሌዳዎቹ መብራት በርቷል። አንድ ሰው "አለ፣ አለ" ሲል ሌላው ተቀበለ። የመብራት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አምፖል አይተው እንዲህ ይደሰታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለማሽኗ የመኖ ሱቅ ያላት ወጣት ሴት ናት፤ ማሽኑን አሙቃ በሩን ይዛ ቆማለች። ትሪዎቹን ተቀባብለን አስገባን። አዴ ጫልቱ እያንዳንዱን እየዳሰሱ ለብቻ ለዩ፤ መስኮት ዳር የነበሩት ቀዝቅዘዋል። የነዚያን ነገር አላወቁም። እነሱንም አስገቧቸው፣ ከታች። ማራገቢያው ዞረ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

ለውይይት የተዘጋጀ አዳራሽ ነበር፤ ወንበሩም ተደርድሮ ነበር አሉ። ማንም አልሄደም። ውይይቱ እዚያው የመኖ ጆንያ ላይ ተካሄደ፤ እኔም ጥግ ላይ ሆኜ እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። አቶ ፍሬው ስልክ ብቻውን እንደማይበቃ ራሳቸው አነሱት፤ ባለማሽኗ ባትደውል ኖሮ በር ላይ ቆመን እንቀር ነበር። ሳሪስም እድር አለው፣ ለፋፊም አለው፣ ሰኞ ሄጄ አናግራለሁ አሉ። አክስቴ ደግሞ መንደሩ ሰማ ማለት ጫልቱ ሰማች ማለት አለመሆኑን ተናገረች። ተናግሬያለሁ ብሎ መተኛት እንደማይበቃ፣ ሰማሁ የሚል መልስ ከያንዳንዱ ማሽን ካለበት ቤት መምጣት እንዳለበት። ስትናገር ድምፅዋ እንደ ጠዋቱ ከፍ አላለም፤ ግን ሁሉም ይጽፍ ነበር።

ጋሼ ዘነበ መጨረሻ ላይ ተነሱ። ከእንግዲህ ለመብራት ጡሩምባ አልነፋም አሉ። ጡሩምባው ለቀብር ይቆይ፤ ለመብራት በር አንኳኳለሁ፣ በሩን ከፍቶ ያናገረኝን ሰው ነው የተነገረው የምለው። እግራቸው እንደሚደክም አንዱ እንግዳ ሲያነሱባቸው፣ ሐዲድ ለሐዲድ ያረጀ እግር በር ለበር አይደክመውም ብለው ተቀመጡ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ባለማሽኗ ጠራችን። በመስታወቱ ላይ አፍንጫችንን ደረደርን። አንዱ ትሪ ላይ እርጥብ ጫጩቶች፣ ላባቸው ከገላቸው ተጣብቆ፣ እርስ በርስ እየተገፋፉ ይንገዳገዳሉ። ከሥራቸው ሌላው ቅርፊቱን ይገፋል። ሌላውም። ከታች ከገቡት አንዳንዶቹ አልተንቀሳቀሱም፤ አንዱ ግን ስንጥቅ ጀምሯል። ሙሌ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፤ አቶ ፍሬው ሸሚዛቸው ተከፍቶ፣ ጠጉራቸው ተንጨባርሮ፣ እንደ ልጅ በጣታቸው መስታወቱን ይነካሉ።

ለመመለስ ኮስትሩ ውስጥ መግባት ጀመርን። አዴ ጫልቱ አልመጡም፤ ቀሪዎቹ እስኪወጡ እዚያው ያድራሉ። በርጩማ ስበው ማሽኑ ፊት ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው በአምፖሉ ብርሃን ቢጫ ሆኗል። ጠዋት እሸጠዋለሁ ያሉትን ማንም ሊያነሳባቸው አልደፈረም። አክስቴ ልትሰናበታቸው ስትጠጋ እጇን ያዙ።

"ሰናይት፣ የሚቀጥለው ጥገና መቼ ነው?"

ገና እንዳልተወሰነ ነገረቻቸው፤ ለምን እንደጠየቁም ጠየቀቻቸው።

"እንቁላል የማስገባው ያኔ እንዳይሆን ነዋ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ። "ማስገባቱንስ አስገባለሁ። አንቺ ቀኑን ብቻ አሳውቂኝ።"